የካፋ ቡናና የፓሪስ አክሲዮን፦ የሙሴ አልፍሬድ ኢልግ ሕይወትና የአነስተኛ ቆጣቢዎች ዕጣ

መግቢያ

የኢትዮጵያ የምድር ባቡር ታሪክ በልዩ ልዩ ጸሐፍት ተጽፏል። አብዛኛዎቹ ጽሑፎች ጉዳዩን የሚመለከቱት ከመንግሥታት ፉክክር አንጻር ሲሆን፣ ፈረንሳይና እንግሊዝ በጅቡቲ መስመር ላይ ያደረጉትን ሽኩቻና ዐፄ ምኒልክ በሁለቱ መካከል የአገራቸውን ነጻነት ለመጠበቅ የተከተሉትን ስልት ይተርካሉ። ይህ አጭር ጥናት ጥያቄውን ከሌላ ወገን ያነሣል። ሐዲዱ የተዘረጋው በማን ገንዘብ ነበር? ገንዘቡን የሰጡት ሰዎች ምን ተስፋ ተሰጣቸው? ተስፋው ሳይፈጸም ሲቀርስ ኪሳራው በማን ላይ ወደቀ?

ለዚህ ጥያቄ የስዊዘርላንዱ መሐንዲስ የሙሴ አልፍሬድ ኢልግ ሕይወት የተሻለ መግቢያ በር ነው። ኢልግ የንጉሠ ነገሥቱ አማካሪም የባቡሩ ኩባንያ ጠንሳሽም ነበሩ። ለደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ተመራማሪዎችም ጉዳዩ ሩቅ አይደለም፤ በፓሪስና በለንደን ለገዢ ከቀረቡት ተስፋዎች አንዱ የካፋ ቡና ነበርና። በጽሑፉ የተጠቀሱት ዘመናት፣ ዓ.ም. ተብለው ካልተለዩ በቀር፣ እንደ ጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው።

ከፍራውንፌልድ እስከ አንኮበር

አልፍሬድ ኢልግ በማርች 30 ቀን 1854 በስዊዘርላንድ፣ በቱርጋው ካንቶን፣ ፍራውንፌልድ በተባለች ከተማ ተወለዱ። እናታቸው በሕግ ያላገቡ ስለነበሩ አስተዳደጋቸው የተደላደለ አልነበረም። በመጀመሪያ የእጅ ሙያ ተማሩ፤ ኋላም በዙሪክ ፖሊቴክኒክ ገብተው የመካኒካል ምሕንድስና ትምህርታቸውን አጠናቀቁ። የዘር ሐረግም ሆነ የወላጅ ሀብት ያልነበራቸው ወጣት ዕውቀታቸውን ይዘው ዕድላቸውን በሩቅ አገር ለመፈለግ መነሣታቸው በዚያ ዘመን የተለመደ ነበር።

የሸዋው ንጉሥ ምኒልክ አውሮፓዊ መሐንዲስ እንደሚፈልጉ በኤደን ለነበረ የስዊዝ የንግድ ቤት ካሳወቁ በኋላ፣ ኢልግ ከሁለት የእጅ ባለሙያዎች ጋር በ1878 ጉዞ ጀመሩ። በሚቀጥለው ዓመት መጀመሪያ አንኮበር ደረሱ። በቤተ መንግሥቱ ያከናወኗቸው ሥራዎች የተለያዩ ነበሩ። በአዋሽ ወንዝ ላይ ድልድይ ሠሩ፤ ለአዲስ አበባ ቤተ መንግሥት ከተራራ ውኃ በቧንቧ እንዲወርድ አደረጉ፤ በፓሪስ የታተሙት የመጀመሪያዎቹ የኢትዮጵያ ቴምብሮች እንዲዘጋጁም ረዱ። አማርኛን ጠንቅቀው በመቻላቸው ቀስ በቀስ ከመሐንዲስነት ወደ አስተርጓሚነት፣ ከአስተርጓሚነትም ወደ አማካሪነት ከፍ አሉ።

ንግዱንም ያውቁት ነበር። ከ1888 እስከ 1891 ባሉት ዓመታት በሐረር ከተቀመጠው ፈረንሳዊ ነጋዴና ቀድሞ ባለቅኔ ከነበረው ከአርተር ረምቦ ጋር ስለ ሸቀጥ፣ ስለ ቡናና ስለ ቅፍለት ብዙ ደብዳቤ ተጻጽፈዋል። አንድ ግመል ምን ያህል እንደሚጭን፣ ጭነት ከሸዋ ባሕር ዳርቻ ለመድረስ ስንት ሳምንት እንደሚፈጅ፣ በየኬላው የሚከፈለው ቀረጥ ዋጋውን እንዴት እንደሚያንረው በሚገባ የተገነዘቡት በዚህ ልምድ ነው። የምድር ባቡር ሐሳባቸውም ከዚሁ የተነሣ ነበር፤ ከደጋው እስከ ባሕሩ ያለው መንገድ ካጠረ የኢትዮጵያ ምርት በዓለም ገበያ ዋጋ ያወጣል የሚል እምነት ነበራቸው። ሐሳቡ በመሠረቱ ትክክል ነበር። ስሕተቱ የተፈጠረው ሐሳቡ ወደ አክሲዮን ሲለወጥ ነው።

የ1886ቱ ውል

ምኒልክ በ1889 ንጉሠ ነገሥት ከሆኑ በኋላ የባቡሩ ጉዳይ ከምክክር ወደ ተግባር ተሸጋገረ። መጋቢት 1 ቀን 1886 ዓ.ም. (ማርች 9 ቀን 1894) ለኢልግ ለ99 ዓመት የሚጸና ኮንሴሲዮን ተሰጠ። ፈረንሳዊው ነጋዴ ሌዎን ሸፍኔ የሥራው ባልደረባ ሆኑ። ውሉ ሦስት መስመሮችን ያካትት ነበር፦ የመጀመሪያው ከጅቡቲ ሐረር፣ ሁለተኛው ከሐረር እንጦጦ፣ ሦስተኛው ከእንጦጦ ተነሥቶ ወደ ካፋና ወደ ነጭ ዓባይ የሚዘልቅ።

በዚህ ሦስተኛ መስመር ላይ ጥቂት መቆየት ያስፈልጋል። ውሉ በተፈረመበት ወቅት ካፋ በራሱ ንጉሥ የሚተዳደር መንግሥት ነበር። የራስ ወልደ ጊዮርጊስ ጦር ካፋን ያስገበረውና የመጨረሻውን ንጉሥ ታቶ ጋኪ ሸሮቾን የማረከው በ1897 ነው፤ ውሉ ከተፈረመ ከሦስት ዓመት በኋላ ማለት ነው። ስለዚህ ባለኮንሴሲዮኖቹ ለገንዘብ ሰጪዎች በወረቀት ካቀረቡት ሀብት አንዱ ክፍል ውሉን በሰጠው መንግሥት እጅ ገና ያልገባ ምድር ነበር። ዛሬ ሚዛን ተፈሪ የምትገኝበት፣ በዘመኑ ጽሑፎች ጊሚራ እየተባለ የሚጠራው አገርም በዚያው የዘመቻ ማዕበል ነው ወደ ማዕከላዊው አስተዳደር የተጠቃለለው። ከዘመቻው ቀጥሎ የመጣው የባሪያ ፍንገላና የሕዝብ መመናመን አምራቹን ራሱን ከመሬቱ ነቀለው። ቡናው በጫካው ውስጥ ነበር፤ የሚለቅመው ሰው ግን እየሳሳ ሄደ።

ኢልግ ራሳቸው ከዚህ ታሪክ ጋር የተሳሰሩበት ሌላም ነገር አለ። የካፋ ነገሥታት ዘውድ ከምርኮው በኋላ ምኒልክ እጅ ሲገባ፣ ለጥበቃ ወደ ዙሪክ የወሰዱት ኢልግ ነበሩ፤ ዘውዱ ወደ ኢትዮጵያ የተመለሰው ከእርሳቸው ሞት ከብዙ ዓመታት በኋላ በዐፄ ኃይለ ሥላሴ ዘመን ነው።

የውሉ ሌላው ገጽታ የባለውሉ ማንነት ነው። ኢልግ በ1897 በክቡርነት ማዕረግ የመንግሥት አማካሪ ሆነው ተሾሙ፤ በተግባርም እስከ 1906 ድረስ የውጭ ጉዳይ ኃላፊ ሆነው ሠሩ። ከዐድዋ ድል በኋላ በተደረጉት የሰላምና የወሰን ድርድሮች ለአገሪቱ የሰጡት አገልግሎት ከፍ ያለ ነው። ነገር ግን ኮንሴሲዮኑን የሰጠውን መንግሥት የሚያማክሩትና ኮንሴሲዮኑን ተቀብለው ለኩባንያ ያስተላለፉት አንድ ሰው መሆናቸው በጊዜው እንደ ነውር አልተቆጠረም። ዛሬ የጥቅም ግጭት የምንለው ነገር በዚያ ዘመን የታማኝ ባለሟልነት ምልክት ነበር።

ገንዘቡ ከየት መጣ?

የኢትዮጵያ የምድር ባቡር ንጉሠ ነገሥታዊ ኩባንያ በ1896 በፓሪስ ተቋቋመ። ግንባታው በጅቡቲ በ1897 መገባደጃ ላይ ተጀመረ። ሐዲዱ የአንድ ሜትር ስፋት ያለው፣ የመጀመሪያውም ምዕራፍ ባብዛኛው ሰው በማይኖርበት በረሓ የሚያልፍ ነበር።

በዚያን ጊዜ ፈረንሳይ የብዙ ትናንሽ ቆጣቢዎች አገር ነበረች። ባለ ሱቁ፣ የመንደር መምህሩ፣ ባሏ የሞተባት ሴት፣ ጡረተኛው መኮንን ጥሪታቸውን በየዓመቱ ወለድ በሚያስገኙ ሰነዶች ላይ ማዋል ልማዳቸው ነበር። ይሁን እንጂ የኢትዮጵያ ባቡር ሰነዶች በፓሪስ ገበያ እንደታሰበው አልተሸጡም። የኩባንያው የመነሻ ካፒታል ከሥራው ስፋት ጋር ስላልተመጣጠነ፣ ጉድለቱ በቦንድ እንዲሸፈን ተደረገ። ቦንዶቹ የተሸጡት ከተጻፈባቸው ዋጋ በታች ነበር፤ ኩባንያው ግን ወለድ የሚከፍለውም ዕዳውን የሚመልሰውም በሙሉ ዋጋ ነው። እያንዳንዱ ኪሎ ሜትር ሐዲድ በወረቀት ላይ ከተሠራበት ዋጋ በላይ የሚከበደው በዚህ ምክንያት ነው።

ፓሪስ ስትቀዘቅዝ ለንደን ቀረበች። በአፍሪካ ጉዳይ የተሰማሩ የእንግሊዝ የገንዘብ ድርጅቶች ሰነዶቹን መሰብሰብ ጀመሩ፤ በ1901 ጥቅማቸውን አጣምረው ዓለም አቀፍ የኢትዮጵያ የምድር ባቡር ትረስትና ግንባታ ኩባንያ የተባለ ድርጅት አቋቋሙ። ለዛሬው የጋራ ኢንቨስትመንት ፈንድ ተማሪዎች ትረስት የሚለው ቃል በዚህ ስም ውስጥ መግባቱ ሊታለፍ የማይገባው ነጥብ ነው።

በለንደን በ1868 የተቋቋመው ፎሪን ኤንድ ኮሎኒያል የተባለው ትረስት የዛሬዎቹ ፈንዶች ቀደምት ተደርጎ ይቆጠራል። የተመሠረተበት ሐሳብ ግልጽ ነበር። ብቻውን ከአንድ ወይም ከሁለት ሰነድ በላይ መግዛት የማይችል ሰው ገንዘቡን ከሌሎች ጋር ያጣምራል፤ ድምሩ በብዙ አገሮች የዕዳ ሰነዶች ላይ ይበተናል፤ አንዱ ቢጎድል ሌላው ይክሳል። ትንሹ ሰው ከትልቁ ባለሀብት ጋር እኩል ጥንቃቄ የሚያገኝበት መንገድ ይኸው ነበር። የባቡሩ ትረስት ግን የዚህ ሐሳብ ግልባጭ ነው። ስሙን ከዚያ ቢዋስም፣ ያሰባሰበው የአንድን ኩባንያ፣ የአንድን መስመር፣ የአንድን ውል ሰነዶች ነበር። ብዙ ሰዎች ተጣምረው የገቡበት አንድ ጀልባ እንጂ ብዙ ጀልባዎች አልነበሩም። አንድ ባለ ድርሻ ትረስቱን ሲገዛ አደጋውን የበተነ ቢመስለውም፣ ያደረገው ነገር ያንኑ አደጋ በሌላ ስም መግዛት ነበር።

የዚህ ሰንሰለት አሠራር ሲመረመር ግልጽ የሚሆነው አንድ ነገር አለ። ሰነድ አውጪው፣ አሻሻጩ ባንክ፣ ትረስቱን ያቋቋሙት ሰዎችና ግንባታውን የወሰደው ድርጅት ጥቅማቸውን የሚያገኙት ሰነዱ ሲሸጥና ሥራው ሲሠራ ነው። ገዢው ጥቅሙን የሚያገኘው ባቡሩ ጭነት ጭኖ፣ ትርፍ አትርፎ፣ ከዕዳ ሲተርፍ ነው። በሁለቱ መካከል ያለው የጊዜ ርቀት የቆጣቢው አደጋ ነው። አስታራቂዎቹ ሁሉ ቅን ሰዎች ቢሆኑ እንኳ ይህ ርቀት አይጠፋም።

ድሬዳዋ ላይ የቆመው ሐዲድ

የእንግሊዝ ገንዘብ መብዛት በፈረንሳይ የቅኝ ግዛት ደጋፊዎችን አስቆጣ። የፈረንሳይ መንግሥት በፌብሩዋሪ 1902 ከኩባንያው ጋር በተዋዋለው ስምምነት ለ50 ዓመት በየዓመቱ 500,000 ፍራንክ ድጎማ ሊሰጥ ቃል ገባ፤ በምላሹ በኩባንያው አመራር ላይ ከፍተኛ የቁጥጥር ሥልጣን አገኘ። ስምምነቱ ገንዘብ ሰጪዎችን ለማዳን የታለመ ቢመስልም ውጤቱ ተቃራኒ ሆነ። ምኒልክ ኮንሴሲዮኑን የሰጡት ለግል ኩባንያ እንጂ ለባዕድ መንግሥት አለመሆኑን በመግለጽ ስምምነቱን ተቃወሙ። ሐዲዱ በ1902 መጨረሻ ከጅቡቲ 310 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ ድሬዳዋ ሲደርስም በምርቃቱ ላይ አልተገኙም። ከዚያ ወዲያ ያለው ግንባታ ቆመ።

ድሬዳዋ ላይ የቆመ ባቡር ትርፋማ ሊሆን አይችልም ነበር። ሐረርን እንኳ በተራራው ምክንያት ሳይነካ ነው ያለፈው። በሐዲዱ የሚጫነው በአብዛኛው ከሐረርጌ የሚመጣው ሸቀጥ ነበር። የሸዋ፣ የጅማና የካፋ ምርት እንደ ቀድሞው በበቅሎና በግመል ሳምንታት ተጉዞ ካልመጣ በስተቀር ባቡሩን አያገኘውም። ለሰነዶቹ ዋጋ የሰጠው የደጋው ንግድ ሲሆን፣ የተሠራው ግን የበረሓው መስመር ብቻ ሆነ። ወለዱ ግን በየዓመቱ ይቆጥር ነበር።

ደቡብ ምዕራቡ በዚህ መካከል ሌላ በር አገኘ። በ1902 ከእንግሊዝ ጋር በተደረገው የወሰን ስምምነት መሠረት በባሮ ወንዝ ላይ ጋምቤላ ላይ የንግድ ጣቢያ ተከፈተ። ከጎሬና ከአካባቢው የሚወጣው ቡና በሸክምና በበቅሎ ወደ ጋምቤላ ወርዶ፣ ወንዙ በሚሞላበት ወራት በጀልባ ወደ ሱዳን ይሻገር ጀመር። የባቡሩ ባለአክሲዮኖች ገንዘብ ያወጡበት ተስፋ ሐዲድ ባልነካው መንገድ ሄደ ማለት ነው።

እንግሊዝ፣ ፈረንሳይና ኢጣሊያ በዲሴምበር 1906 በተፈራረሙት የሦስትዮሽ ስምምነት የባቡሩን መስመር እንደ ተጽዕኖ ክልላቸው ተከፋፈሉት። ኩባንያው በ1907 ከሥሮ ሒሳቡ ወደ ማጣራት ገባ። በእንዲህ ያለ ጊዜ ሕጉ የሚያስቀምጠው ተራ የታወቀ ነው። አስቀድሞ ዋስትና ያለው አበዳሪ፣ ቀጥሎ ባለ ቦንዱ፣ በመጨረሻ ባለአክሲዮኑ ይመጣል። በጃንዋሪ 1908 ዐፄ ምኒልክ ለሐኪማቸው ለዶክተር ቪታሊየን አዲስ ኮንሴሲዮን ሰጡ፤ የፈረንሳይና የኢትዮጵያ የምድር ባቡር ኩባንያም በዚህ ላይ ተመሥርቶ ቆመ። የፈረንሳይ መንግሥት ተጽዕኖውን አጸና፤ ኢትዮጵያ መስመሯን ቀጠለች፤ የእንግሊዝ ድርጅቶችም ለጥያቄያቸው የሚከራከር ጠበቃና መንግሥት ነበራቸው። በድርድሩ ጠረጴዛ ዙሪያ ወንበር ያልነበረው ተበታትኖ የሚኖረው ትንሹ ባለ ወረቀት ብቻ ነው።

በዚሁ ዘመን ከተቋቋመው ከአቢሲኒያ ባንክ ጋር ማነጻጸር ይጠቅማል። ባንኩ በ1905 በ500,000 ፓውንድ ካፒታል ሲመሠረት አክሲዮኖቹ በአዲስ አበባም ጭምር ለሽያጭ ቀርበው ነበር። በ1931 የኢትዮጵያ መንግሥት ባንኩን ሲወስድ ለባለአክሲዮኖቹ 235,000 ፓውንድ ካሣ ከፍሏል። ባንኩ በሥራው ትርፋማነት የሚመሰገን አልነበረም፤ ነገር ግን የሽያጭ መግለጫው የገባው ተስፋ ገና ባልተያዘ ምድር ላይ የተመሠረተ አልነበረም፤ ባለ ድርሻውም ሲሰናበት ማንነቱ የታወቀ ተከፋይ ነበር።

የኢልግ የመጨረሻ ዓመታት

ኢልግ በ1895 ፋኒ ጋቲከርን አግብተው በአዲስ አበባ ቤተሰብ መሥርተው ነበር። የባቡሩ ውዝግብ እየከረረ፣ የምኒልክ ጤና እየደከመ፣ በቤተ መንግሥቱ የሌሎች አማካሪዎች ድምፅ እየጎላ ሲሄድ የእርሳቸው ተሰሚነት ቀነሰ። በ1906 ወደ አውሮፓ ሄዱ፤ በሚቀጥለው ዓመት ከሥልጣናቸው በፈቃዳቸው ለቀቁ። ከዚያ ወዲያ የኖሩት በዙሪክ ሲሆን፣ በጃንዋሪ 7 ቀን 1916 በ61 ዓመታቸው ዐረፉ። ባቡሩ አዲስ አበባ የገባው በሚቀጥለው ዓመት በ1917 ነው። ከጅቡቲ እስከ አዲስ አበባ ያለው መስመር 780 ኪሎ ሜትር ያህል ነበር። ሦስተኛው መስመር፣ ወደ ካፋ የሚሄደው፣ አልተጀመረም።

ኢልግን እንደ አታላይ መቁጠር ከታሪኩ ጋር አይስማማም። ሐዲዱን በእውነት ይፈልጉት ነበር፤ ለኢትዮጵያም ይጠቅማል ብለው ያምኑ ነበር፤ በመጨረሻም ጠቅሟል። ነገር ግን እምነታቸው ለሦስት ወገን በአንድ ጊዜ ዋስትና ሆኖ ቀርቧል፦ ለንጉሠ ነገሥቱ የነጻነት፣ ለኩባንያው የትርፍ፣ ለቆጣቢው የደኅንነት ዋስትና። የሦስቱ ጥቅም በተለያየ ጊዜ አንድ ሰው ሊያስተናግደው ወደማይችል ክርክር ገባ። የአንድ ሰው ቅንነት ለሦስት ተቃራኒ ጥቅሞች መያዣ ሊሆን እንደማይችል የኢልግ ሕይወት በግልጽ ያሳያል።

ማጠቃለያ

ይህ ታሪክ በአገራችን የካፒታል ገበያ በሚከፈትበት ወቅት መነበቡ ተገቢ ነው። የካፒታል ገበያ አዋጅ ቁጥር 1248/2013 ወጥቶ የካፒታል ገበያ ባለሥልጣን ተቋቁሟል፤ የኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ንዋይ ገበያም በጥር 2017 ዓ.ም. ሥራውን በይፋ ጀምሯል። ኢትዮ ቴሌኮም 100 ሚሊዮን አክሲዮኖችን እያንዳንዳቸውን በ300 ብር ለሕዝብ ባቀረበ ጊዜ 47,377 ሰዎች ወደ 10.7 ሚሊዮን የሚጠጉ አክሲዮኖችን በ3.2 ቢሊዮን ብር ገደማ ገዝተዋል። ዝቅተኛው ግዢ 33 አክሲዮን፣ ማለትም 9,900 ብር ነበር። ይህ መጠን ለአንድ የሚዛን ወይም የቴፒ መምህር ቀላል ጥሪት አይደለም። የጋራ ኢንቨስትመንት ፈንዶችም ሲስፋፉ ቡና አምራቹና የመንግሥት ሠራተኛው ገንዘባቸውን በሌላ ሰው እጅ የሚያኖሩበት ጊዜ ይመጣል።

ከኢልግ ዘመን የሚወሰደው ትምህርት ገበያውን መፍራት አይደለም። ያለ አክሲዮን ድሬዳዋም አትመሠረትም ነበር። ትምህርቱ ጥያቄው የት ላይ መነሣት እንዳለበት ነው። በአንድ ፈንድ ወይም የአክሲዮን ሽያጭ ፊት የቆመ ቆጣቢ አስቀድሞ የሚጠይቀው አሻሻጩ ታማኝ መሆን አለመሆኑን ነው፤ ይህ ተፈጥሯዊ ነው፤ ነገር ግን በቂ አይደለም። ከዚያ የሚቀድመው ጥያቄ አሻሻጩና ገንዘብ አስተዳዳሪው የሚከፈላቸው መቼና ከምን ላይ እንደሆነ ነው። ክፍያው በሽያጩ ዕለት ተጠናቆ ካለቀ፣ ሐዲዱ ካፋ ደረሰም አልደረሰ ለከፋዩ እንጂ ለተከፋዩ ለውጥ የለውም። ቀጥሎ የሚመረመረው ፈንዱ የያዘው ነገር በእርግጥ የተበተነ መሆኑ፣ ወይስ አንዱን አደጋ በብዙ ስም የሚሸጥ መሆኑ ነው። ተቆጣጣሪው አካልም የሽያጭ መግለጫን ሲያጸድቅ በእጅ ያለውን ሀብት ገና ሊገኝ ከታሰበው ለይቶ እንዲጻፍ ማስገደድ ይኖርበታል።

በቅርብ ዓመታት በወጣው የአገሪቱ የምድር ባቡር መረብ ዕቅድ ውስጥ ከአዲስ አበባ በጅማ በኩል ወደ ጉራፈርዳና ወደ ዲማ የሚሄድ መስመር ተመልክቶ ነበር። የኢልግ ሦስተኛ መስመር በሌላ ስም ተመልሶ የመጣ ያህል ነው፤ እስከ ዛሬም አልተሠራም። የቤንችና የሸካ ቡና በጭነት መኪና ጅማን አቋርጦ ይጓዛል። አንድ ቀን ይህ መስመር በአክሲዮን ወይም በፈንድ ገንዘብ ሊሠራ ቢታሰብ፣ ከገዢዎቹ መካከል የዚህ አካባቢ ቡና አምራቾች ሊገኙ ይችላሉ። እነዚህ ገዢዎች በ1907 ከሰመው ኩባንያ ባለ ወረቀቶች የተሻለ ዕጣ የሚኖራቸው፣ ከመፈረማቸው በፊት የውሉን ሦስቱንም መስመሮች አንብበው የትኛው በእጅ እንዳለ፣ የትኛው በተስፋ ብቻ እንደተጻፈ መለየት ሲችሉ ነው።